ስኬትቦርድ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም

እንደገና የታተመ የድሮ ስኬትቦርድ ገዝታችሁ ሳሎን የሰቀላችሁ አላችሁ፤ ፎቶውንም ልካችሁልኛል። ሥዕሉ ግሩም ነው። መሰቀሉ ግን አልተዋጠልኝም።

የማወራው ጂም ፊሊፕስ ለሳንታ ክሩዝ ኩባንያ በ1980ዎቹ ስለሣለው የሮብ ሮስኮፕ ተከታታይ ሰሌዳ ነው። (ያቺ አፍ አውጥታ የምትጮኸው ሰማያዊ እጅም የእሱ ናት፣ የ1985።) በመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ የተኩስ ዒላማ አለ፤ ዒላማውን በርቅሶ የወጣ የጭራቅ እጅ ብቻ ይታያል። በሚቀጥሉት እትሞች ጭራቁ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል።

እስኪ አስቡት፤ ሥዕሉ ያለው ከሥር ነው። ልጁ በሲሚንቶ ጠርዝ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ይፋቃል። ሥዕሉን ለማትረፍ ብለው ከሥር የፕላስቲክ ሐዲድ የሚያስሩ ነበሩ፤ እሱም ቢሆን ዕድሜ ይጨምር እንደሆነ እንጂ አያድነውም። አንዱ ሰሌዳ አልቆ ሲሰበር ሌላው ይገዛል፣ ጭራቁም አንድ እርምጃ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ታሪኩ የሚቀጥለው የቀደመው ሲያልቅ ነው ማለት ነው! ሁሉንም ሰብስቦ ጎን ለጎን መደርደር ያምራል፣ አልክድም፤ መጠበቁ ግን የለም።

“ድጋሚ እትም እኮ ፎርጂድ ነው” የምትሉኝም አላችሁ። በዚህ አልስማማም። ዋናውም ቢሆን እኮ ኅትመት ነበር። የዚያን ጊዜ ሰሌዳ በሲልክ ስክሪን ነው የሚታተመው፤ ለየቀለሙ አንድ አንድ ስክሪን፣ በዚያ ላይ ጫፉ በታጠፈ እንጨት ላይ። ክፍል ውስጥ ቲሸርት ያተምን ሰዎች አንዱ ቀለም ትንሽ ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን እናውቃለን (ያን ቀይ አንበሳ የምታስታውሱ ዝም በሉ)። ለብዙ እጅ ተብሎ የተሠራ ሥዕል እንደገና ለብዙ እጅ ቢደርስ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሳይፋቅ የተረፈ የ1980ዎቹ ሰሌዳ ያለው ሰው ይስቀል፣ መብቱ ነው፤ ብርቅ ነውና። አዲሱን እትም ግን እንደ ታቦት ማየት ምን ይሉታል? ሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ተጣብቆ እንዲህ ጠንካራ የሆነው እኮ ሰው ሊቆምበት ነው።

አዲስ አበባ በ2016 (በፈረንጆቹ) የስኬት ሜዳ ተሠርቶላታል። እዚያ የሚውሉትን ልጆች ሄዳችሁ እዩአቸው፤ ሰሌዳ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ጫፉ ተበልቶ እንኳ አይጣልም። ውጭ ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጎማው ባይኖር ግድ የለም፣ እንጨቱ ይበቃል።