የኦቦክ ጠረፍ፦ በካርታ ላይ የቀረበ፣ በጉዞ የራቀ

በሰሜን ምሥራቅ ጅቡቲ የሚገኘው የኦቦክ ጠረፍ፣ ኢትዮጵያውያን ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ በሕገ ወጥ መንገድ ለመሻገር ከሚጠቀሙባቸው መውጫዎች ዋነኛው ነው። በዚህ መስመር ለሚጠፋው ሕይወት ደላሎች ተጠያቂ መሆናቸው አያጠራጥርም። ሆኖም አደጋውን የሚያባብሰው የአካባቢው መልክዓ ምድር ነው። ደላሎች የሚናገሩት የርቀቱን ማጠር እንጂ በመካከል ያለውን አይደለም።

የመጀመሪያው ፈተና የብስ ነው። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከአፋር ተነሥተው በእግር የሚጓዙ ሰዎች በሚያልፉበት አካባቢ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ ሲሆን፣ ውኃው ከባሕር ውኃ እጅግ የበለጠ ጨው ስላለው አይጠጣም። ከዚያ በኋላ ያለው ምድር በአብዛኛው ጥላ የሌለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ክረምት በሆነባቸው ወራት በዚህ ምድር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ደረቅና አቧራማ ነፋስም ይነፍሳል። የአገሩን ዝናብ አይቶ የተነሣ መንገደኛ የሚደርሰው ውኃ ወደማይገኝበት በረሃ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ባሕሩ ነው። ስሙ በዓረብኛ «የእንባ በር» የሚል ትርጉም ያለው የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ጠባብ በሆነበት ቦታ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የማዩን ደሴት ለሁለት የሚከፍለው ሲሆን፣ በአፍሪካ በኩል ያለው ሰፊው መተላለፊያ ጥልቀቱ እስከ 300 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በዚህ ጠባብ በር ስለሚገናኙ ነፋሱም የውኃው ግፊትም ይበረታል፤ ከአቅም በላይ የተጫነች አነስተኛ ጀልባ ይህን አትቋቋምም።

ወደ ዳርቻው መቃረብም ደኅንነትን አያረጋግጥም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን 310 ሰዎችን ይዘው የተነሡ ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ ጠረፍ አቅራቢያ አደጋ ደርሶባቸው ቢያንስ 45 ሰዎች ሞተዋል። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደገለጹት፣ ጀልባ ነጂዎቹ ተሳፋሪዎችን አስገድደው ወደ ባሕሩ አስወርደዋል። አደጋው የደረሰው በመመለሻ ጉዞ ላይ መሆኑ፣ የመንን የረገጠ ሰው ሁሉ ካሰበበት እንደማይደርስ ያመለክታል።

በመሆኑም ለውጭ አገር ሥራ የሚነሣ ዜጋ ሊመዝነው የሚገባው የመንገዱን ማጠር ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለውን የሕግ ጥበቃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው መሠረት ሠራተኛ የሚላከው ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በሚኒስቴሩ በጸደቀ የሥራ ውል ነው። ውል ያለው ሠራተኛ መብቱ ሲጣስ የሚጠይቀው አካል አለው፤ በኦቦክ ዳርቻ ሌሊት ጀልባ የሚሳፈር ሰው ግን ይህ ዋስትና የለውም። ስለሆነም ዜጎች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የኤጀንሲውን ፈቃድ በአቅራቢያቸው በሚገኝ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።