ተፈትቶ የሚሰፋ ጫማ
በረዶው ሲገባ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በየሐበሻው ቤት በር ሥር ጫማ ይደረደራል፤ ቆዳው ላይ የመንገዱ ጨው ነጭ መስመር ጥሎበት ይታያል። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው ብዙ ሳይቆይ አፉን ይከፍታል፣ በክር የተሰፋው ተወልውሎ ቀለም ይጠብቃል። የእጅ ሥራ ጫማ የሚወደደው የሰው እጅ ስለነካው ነው ይባላል፤ እኔ ግን ተፈትቶ መልሶ ስለሚሰፋ ነው ባይ ነኝ። ከሴንት ፖል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሚሲሲፒ ዳር ባለችው ሬድ ዊንግ ከተማ በ1905 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና ስሟን የያዘው የጫማ ፋብሪካ በብዙዎቹ ቦቲዎቹ ቶማያና ሶል መካከል ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን ጠርዝ ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ ክሩ ይፈታና ሌላ ይሰፋበታል፣ እግር የለመደው ቶማያ ግን እንዳለ ይቆያል። «ይኸማ የማሽን ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ነው፤ ነገር ግን ቆዳውን በመርፌው ሥር የሚያዞረው ሰው ነው፣ ዘዴውም ከወስፌ የተወረሰ ነው። የዋጋው ክርክር ይከብዳል፤ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ከ300 ዶላር በላይ የሚጠራ ቦቲ ቀልድ አይደለም። ይሁንና መታደስ የውድ ጫማ ዕጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ፣ የድሃ ጫማ ሆኖ ሳለ፣ ማሰሪያው በተበጠሰ ቁጥር ባልተጠገነ ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስታቋቁም ለዓለም ገበያ ያወጣችው ይህንኑ የጎማ ሶል ነው። እዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የጎደለው ርካሽ ጫማ ሳይሆን በየጥጉ ሳጥኑን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሊስትሮ ነው።