ለምርቃት የመጣች እናት የት ትደር?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ መልእክት ይቀየራል። ፖለቲካው ጋብ ይልና ጥያቄው ሁሉ የመንገድ ይሆናል። «ልጄ ደብረ ታቦር ተመድባለች፤ ላደርሳት ነው፤ መንገዱ ሰላም ነው? የት እንረፍ?» የምርቃት ሰሞን ደግሞ የተመራቂ ወላጆች ይተካሉ። አንድ ከደቡብ የደወሉ አባት «ደብረ ታቦር ከጎንደር ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ብለው ጠይቀውኛል። ልጃቸው እዚያ አራት ዓመት ተምሮ ሊመረቅ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በእሳቸው አልፈርድም። እስኪ እነዚያን የጥሪ ማስታወቂያዎች አስታውሷቸው። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ተማሪው ምን ይዞ እንደሚመጣ በደንብ ተጽፏል። ተማሪውን ይዞ ስለሚመጣው ሰው ግን፣ እኔ እስከ ዛሬ ባነበብኳቸው ውስጥ፣ አንድ መስመር አላየሁም። በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ ግቢ ትልቁ እንግዳ ፕሮፌሰር ወይም ሚኒስትር አይደለም፤ ወላጅ ነው። እሱን የሚቀበል ደግሞ የለም።

እኔም ራሴ ከዚህ የተሻለ አላደረግኩም። የታናሽ እህቴ ምርቃት ጊዜ የምሠራው ባሕር ዳር ነበር። እናታችን ከላይ ጋይንት ገጠር ተነሥታ እስከ ነፋስ መውጫ በእግሯ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ገባች። አልጋ በስልክ ይዤላት ነበር። ማታ ስንደርስ ፔንሲዮኑ (ስሙን አልጠራም፤ እሱ ብቻም አይደለም) «ተይዟል» አለን። ለካ የተሻለ ለከፈለ ተሰጥቷል። ያልጠየቅነው ቤት የለም። በመጨረሻ ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴት አዝናልን፣ እማዬ ጋቢ ተከናንባ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች ነጋ። በማግስቱ ንግግሩ ረዘመ፣ ፀሐዩም ሞቀ። የእህቴ ትምህርት ክፍል ተጠርቶ ተመራቂዎቹ ሲነሡ እማዬ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ቀሰቀስኳት። ቀና ስትል ግን ልጆቹ ተቀምጠዋል። ለእህቴ አልነገርናትም፤ ይህን ካነበበች ዛሬ አወቀች።

እንግዲህ መጀመሪያ ምክሩን ላስቀድም፤ ክርክሩ ይድረስበታል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ባሕር ዳር ይወርዳል፤ የቀረው የመኪና መንገድ ነው። ከባሕር ዳር የተነሣ መኪና በሐሙሲት አድርጎ ወረታ ይደርሳል። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዲስ ዘመንና ጎንደር፣ ሌላው በዓለም በር አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር። የጎንደር መኪና የተሳፈረ ሰው ወረታ ላይ ካልወረደ አዳሩ ጎንደር ነው። ከጎንደር የሚመጣም እዚያው ወርዶ መኪና ይቀይራል። በወልድያ በኩል ለሚመጣ ደግሞ መንገዱ ጋሸና፣ ነፋስ መውጫ፣ ክምር ድንጋይ እያለ ይዘልቃል። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ከገባችሁ ግን እዚያው እደሩና ማለዳ ተነሡ። ለምርቃት ከሆነ ከዋዜማው አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

«መንገዱ ሰላም ነው?» ለሚለው ከእኔ መልስ አትጠብቁ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዛሬ የተነገረ ነገር ነገ ላይሠራ ይችላል። ፌስቡክ ላይ ከመጠየቅ ግን በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን መጠየቅ ይሻላል። ሾፌር የሚያወራው ስለ ራሱ ነፍስ ነው። ሁሉንም ብር ቴሌብር ላይ አታስቀምጡ፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የልጃችሁን፣ የዶርም ጓደኛዋንና የአንድ የከተማ ዘመድ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ኪስ ውስጥ አኑሩ። መታወቂያ ደግሞ አትርሱ። ገጠር ያሉ እናቶቻችን ብዙዎቹ መታወቂያ የላቸውም፤ ፍተሻ ላይም፣ አልጋ ሲይዙም መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው። ከመነሣታቸው ከሳምንት በፊት ቀበሌ ሄደው ያውጡ።

ብርዱን የሚንቁ ሰዎች አሉ። ከተማዋ ያለችው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች። ከጀርባዋ ጉና አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። ሐምሌ ላይ ከጉና የሚወርደው ብርድና ዝናብ ለምርቃት ተብሎ የተገዛ ስስ ሸሚዝ አያውቅም። ከአፋር፣ ከሐረር፣ ከጋምቤላ የሚመጣ ወላጅ ጋቢ ወይም ወፈር ያለ ጃኬት ይያዝ። ለተማሪውም ማስታወቂያው ላይ «ብርድ ልብስ» የሚለውን ሁለት ብላችሁ አንብቡት።

አልጋ ስትይዙ በስልክ «እሺ» መባል ዋጋ እንደሌለው ከእማዬ ታሪክ ተምራችኋል። ልጃችሁን ወይም ጓደኛዋን ልካችሁ ቀብድ አስከፍሉ፣ ደረሰኝ ይጻፍ፣ የክፍሉ ቁጥርም ይጠቀስ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃ ዛሬ አለ ወይ? ሻወሩ የጋራ ነው የግል? ብርድ ልብሱ ስንት ነው? ሙቅ ውሃ አለን የሚል ካለ ከፍታችሁ እዩ። ግቢው በር ላይ ካለው ይልቅ መሀል ከተማ ያለው አልጋ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ጠዋት ባጃጅ ታገኛላችሁ። ማታ ግን ባጃጅ በጊዜ ነው የሚገባው፤ ሳይመሽ ማደሪያችሁ ድረሱ።

ስለ ምግብ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ፋርጣ የበግና የድንች አገር ነውና። የፋርጣ በግ ጥብስ የበላ ሰው መንገዱን ይረሳል። ድንቹን ደግሞ ሬስቶራንት ውስጥ አትፈልጉት፤ መንገድ ዳር ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ሲሸጥ ብሉት። ከወረታ ወዲህ የምትበሉት እንጀራ ነጣ፣ ለስለስ ካለ አትገረሙ፤ የፎገራ ሩዝ ተቀላቅሎበት ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ የሩዝ እንጀራ ማጭበርበሪያ ይመስለናል፤ እዚህ ግን ሩዙን የዘራው ገበሬ ራሱ የሚበላው ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ምርቃቱ ከሰኔ ጾም ጋር ከገጠመ፣ የፍስክ ምግብ ላታገኙ ስለምትችሉ ሽሮና በየዓይነቱ ይበቃናል ብላችሁ ተነሡ። ሙስሊም ወላጆች ሥጋ ከመብላታችሁ በፊት የሙስሊም ምግብ ቤት የት እንዳለ ተማሪዎቹን ጠይቁ፤ ያውቁታል። በጀታችሁ የሳሳ ከሆነ ግቢው አካባቢ ተማሪ የሚበላበት ቤት ግቡ። ነን ካፌ የሆነ ተማሪ በወር ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ ባለቤት፣ ወላጅንም በዚያው ዋጋ ያበላል።

በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ ለልጃችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ዶርም ውስጥ ክብር አለው። ጠላና አረቄ ግን ጥበቃው በር ላይ ይመልሰዋል። ቢላም እንዲሁ። ዶርም ድረስ እገባለሁ ብላችሁም አታስቡ፤ ፍራሹን እስከ ሕንፃው ተሸክሞ የሚገባው ልጁ ነው።

ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ፎቶ ቤት አትሰለፉ። ጋፋት ቅርብ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ። እናቶች ግን ደብረ ታቦር ኢየሱስን መሳለም ነው የሚፈልጉት፤ መጀመሪያ እሱን አድርሱላቸው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ምርቃት ሲደርስ ከተማው ለምን እንዲህ ይጨንቀዋል? አልጋ ፈላጊው ወላጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። ደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ከየወረዳው በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚም የሚያድረው በዚያው ፔንሲዮን ነው። የምርቃት ሳምንት ዋጋው ሲሰቀል የሚገፋው ሰው ቀሚስ ለብሶ ፎቶ የሚነሣው አይደለም፤ ባሏን አስተኝታ ለመድኃኒት የቆጠበችው ሴት ናት።

«ንግድ ቢሮ ዋጋ ይተምን» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዋጋ ሲተመን አልጋው ከመዝገብ ይጠፋና በደላላ እጅ ይገባል፤ በስኳርና በዘይት ያየነው ነው። ደግሞ የፔንሲዮን ባለቤቶችንም እንስማ። መንገድ ሲዘጋ ክፍሎቻቸው ባዶ ከርመዋል፤ ብድርና ግብር ግን አልቆመላቸውም። ከእነሱ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምርቃት ሳምንት ዋጋችሁን ከወር በፊት በግልጽ ለጥፉ፣ በተለጠፈውም ጽኑ። ወላጅ አውቆ ይምጣ ወይም አውቆ ይቅር።

ዋናው መፍትሔ ግን ግቢው ውስጥ አለ። ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ በየግቢው ብዙ ሺህ ልጆች ዶርም አድረው፣ ካፌ በልተው፣ ተፈትሸው ገብተው ወጥተዋል። ለማያውቋቸው ተፈታኞች ለቀናት አልጋ ያዘጋጁ ተቋማት ለተመራቂ እናት ለአንድ ሌሊት አልጋ አጡ ቢባል እኔ አላምንም። ብዙ ጊዜ የምርቃት ሰሞን የታች ክፍል ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄደዋል። ሁለት ሕንፃ ይከፈት፤ አንዱ ለሴቶች፣ አንዱ ለወንዶች። ለአንድ ተመራቂ ሁለት ሰው፣ በልጁ መታወቂያ ይመዝገብ፤ ለጽዳትና ለውሃ መጠነኛ ክፍያም ይኑር።

«ጸጥታ» እንደሚባል አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም፤ አላናንቀውም። ግን ስሟና የልጇ የመታወቂያ ቁጥር ተመዝግቦ ግቢ ውስጥ የተኛች እናት እና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልጋ ፍለጋ በጨለማ የምትዞር እናት፣ ለጸጥታ የምታሳስበው የትኛዋ ናት?

በዚያ አገር የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» ይባል ነበር። አያቴ እንግዳ ሲመጣ መደቡን ለቅቆ መሬት ይተኛ ነበር። ያን ከፔንሲዮን አልጠብቅም፤ ፔንሲዮን ንግድ ነው። ያቺ የሻይ ቤት ሴት ግን አግዳሚ ወንበሯን በነፃ ሰጥታናለች፤ ለቁርሱ እንኳ ገንዘብ አልቀበልም ብላ ነው በግድ ኪሷ ውስጥ የከተትነው።

ከእናንተ መካከል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠሩ፣ በተማሪዎች ኅብረት ያላችሁ፣ ፔንሲዮንም ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ገጽ ጻፉልኝ፦ መኪና የት እንደሚገኝ፣ ማደሪያና ዋጋው፣ ምግብ ቤት፣ ሌሊት የሚደወልበት የግቢው ስልክ። ልካችሁልኝ ካጣራሁት እዚህ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በነፃ። የደብረ ታቦሩ ከደረሰኝ የወልድያና የደብረ ማርቆሱን እጠይቃለሁ።