ኤንሰምብልን የዘጋው ገበያው አይደለም

የስትራቴጂ ጌም ጨዋታ በተነሳ ቁጥር፣ ካይሮም ሆነ አዲስ አበባ፣ ማንም የማይጠይቀው አንድ አባባል አለ፦ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን የሠራው ኤንሰምብል ስቱዲዮስ የተዘጋው ተጫዋቹ ወደ ኮንሶል ስለሄደና የስትራቴጂ ዘመን ስላበቃ ነው። አባባሉ ሐሰት ነው። የባለቤቱን ውሳኔ በተጫዋቹ ላይ ያላክካል።

ታሪኩን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ቶኒ ጉድማንና ባልደረቦቹ ስቱዲዮውን በ1995 (ዓመቶቹና ወራቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ዳላስ መሠረቱት፤ ከሲድ ማየር ጋር ሲቪላይዜሽንን የሠራው ብሩስ ሼሊም ተቀላቀላቸው። የመጀመሪያው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ በ1997፣ ሁለተኛው በ1999 ወጣ። በ2001 ማይክሮሶፍት ጠቀለላቸው። አንደኛው ጌም ጀማሪውን የሚያለማምደው በጥንታዊት ግብፅ ታሪክ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ የሳላዲንን ዘመቻ ይዞ መጣ። የካይሮ ልጅ የራሱን ምድር እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ባለታሪክ አገኘው ማለት ነው።

አሁን ቀኖቹን እንይ። የመዘጋቱ ዜና የተሰማው በመስከረም 2008 ነው፤ የዓለምን የገንዘብ ቀውስ ያባባሰው የባንኩ የሌማን ብራዘርስ ውድቀት ገና አልመጣም። ስለዚህ «የዓለም ቀውስ ነው» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም። ስቱዲዮው የተዘጋው በጥር 2009 ሲሆን የመጨረሻ ሥራው ሄሎ ዋርስ ለሽያጭ የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው። ሄሎ ዋርስ የተሠራው ደግሞ ለኤክስቦክስ 360 ነው! ተጫዋቹ ወደ ኮንሶል ከሄደ ኤንሰምብልም ተከትሎት ሄዷል፤ ጌሙም በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሠሪዎቹ ግን ቀድመው ተበትነዋል።

ስቱዲዮው ወጪው ከባድ ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን። ወጪ የበዛበት ቤት ወጪውን ይቀንሳል እንጂ ደንበኛ የለውም አይባልም። ሁለቱን ማምታታት ይብቃን።

ዘውጉ በሕይወት ለመኖሩ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የእኛው ነው። ሁለተኛው ጌም በአዲስ መልክ በ2013 ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት ተጨማሪውን ክፍል የሠሩት ፎርጎተን ኢምፓየርስ የተባሉ ወጣቶች ናቸው፤ መነሻቸው ጌሙን ለፍቅር ሲሉ በራሳቸው ጊዜ የሚያሻሽሉ ተጫዋቾች መሆናቸው ነበር። በ2015 ደግሞ አፍሪካን ኪንግደምስ መጣና ኢትዮጵያውያንን ከማሊያውያንና ከበርበሮች ጋር አስገባ። አርሶ አደሩን በማውሱ ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። ቀስተኞቹ ከሌላው ቀስተኛ ፈጥነው ይወረውራሉ። ልዩ ወታደሩ ሾተል የታጠቀ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ክፉኛ ይቆርጣል፣ ግን ቀስት ሲዘንብበት ቶሎ ይወድቃል። እሱን ይዞ የሚያሸንፍ ተጫዋች መቼ ፊት ለፊት እንደሚገባና መቼ እንደሚሸሽ ያወቀ ነው። ዘመቻው የዮዲት ነው፤ በታሪካችን ውስጥ እስከ ዛሬ የምታጨቃጭቅ ንግሥት። እኔ ይህን የምቆጥረው እንደ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አክሱም በእስክንድርና በቻይና ነገሥታት ተርታ የዓለም ልጆች የሚጫወቱት ታሪክ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው «ሞተ» ከተባለ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ለሞተ ነገር ማን በአማርኛ ድምፅ ያስቀርጻል?

ዌስትዉድም እንዲሁ ነው። ኮማንድ ኤንድ ኮንከርን የሠራው የላስ ቬጋሱ ስቱዲዮ በ1998 ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ተሸጠ፣ በ2003 ተዘጋ። በ2020 የታደሰው ጌም ሲወጣ ሥራውን የሠራው ከዌስትዉድ የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ፔትሮግሊፍ ነው። ገዢው የዘጋው ቤት፣ ሠራተኞቹ በሌላ በር መልሰው የገቡበት ቤት።

ማይክሮሶፍት ራሱ በ2019 ይህንኑ የጌም ቤተሰብ የሚመራ ወርልድስ ኤጅ የተባለ ስቱዲዮ አቋቋመ፤ በ2021 አራተኛውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ አወጣ፣ ግን ሥራውን የሰጠው ለካናዳው ሬሊክ ነው። በ2009 የበተናቸውን ሰዎች ሥራ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ፈለገው። ስትራቴጂ ጌም አልሞተም፤ የታመመው በቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ትዕግሥት ነበር፣ ኤንሰምብልን የዘጋውም ከገበያው ይልቅ ይህ ይመስለኛል።