ሕመምን ችሎ መሮጥ ጀግንነት ነውን?

ሩጫ ሰውነትን እንደሚያጠነክርና መንፈስን እንደሚያነቃቃ የታወቀ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የሚያድግ ልጅ ሩጫን የሚለምደው ከብት ሲያግድና ትምህርት ቤት ሲመላለስ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች «የደጋ ልጅ ስለ ሩጫ ምክር አያሻውም፤ እግሩን ቢያመው እንኳ ችሎ መሮጥ አለበት» ብለው ያምናሉ። ይህ አስተሳሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ለጤናው ወይም ለደስታው የሚሮጥን ሰው ለጉዳት የሚያጋልጡ ነገሮች ብዙ ናቸው። ጥናቶች ደጋግመው የሚያመለክቱት ዋነኛው ግን ቀደም ሲል የደረሰ ጉዳት ነው። ባለፈው ዓመት ጉልበቱን፣ ቅልጥሙን ወይም የተረከዙን ጅማት የታመመ ሯጭ፣ ካልታመመው ይልቅ እንደገና ሊጎዳ ይችላል። የተጎዳው ክፍል ሳይጠና ሥራ ይበዛበታል፤ ወይም ሯጩ የታመመውን እግር ሲሸሽ ሸክሙን በደኅናው ላይ ይጥላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥድፊያ ነው። ልብና ሳንባ ልምምድን ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ዘግይተው ይጠነክራሉ። ስለዚህ ትንፋሹ ያልከዳው ወጣት እግሩም የጠነከረ ይመስለዋል። ክብደቱ ለቁመቱ የበዛ ጀማሪም ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

የመሬቱም አቀማመጥ መዘንጋት የለበትም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከዚያ ከፍታ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ ግን ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ለትንፋሽ ይቀላል፤ ለጉልበት ግን ይከብዳል። የጭን ጡንቻ በየእርምጃው ሰውነትን እየገታ ስለሚሠራ ቶሎ ይዝላል።

ተማሪዎች ሆይ፤ አበበ ቢቂላን አስቡ። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በትርፍ አንጀት ምክንያት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት 40 ቀን እንኳ ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመ። ይህን የሰማ ወጣት «ጀግናን ሕመም አያግደውም» ይል ይሆናል። ነገር ግን ቀዶ ጥገና የተደረገው ሆዱ ላይ እንጂ እግሩ ላይ አልነበረም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ስለነበር ያው ጀግና ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ ድሉንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ተቀዳጀ። ማቋረጡ የአበበን ክብር አልቀነሰውም። ታዲያ በአበበ ያላፈርን በራሳችን ስለ ምን እናፍራለን?

«አባቶቻችን ያለ ጫማና ያለ ሐኪም ሮጠዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያሸነፉትን በስም እናውቃቸዋለን፤ እግራቸው ተጎድቶ ከመንገድ የቀሩትን ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ያለፈውን ሕመማችሁን አስታውሱ፤ ለአሠልጣኛችሁም አትደብቁ። ቀጥሎም ርቀትን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ በመካከሉም ዕረፍት አድርጉ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ርቀት ለመሮጥ የሚያስብ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ከወራት በፊት ይጀምር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። የሚያስነክስ ወይም አንድ የአጥንት ቦታ ላይ ሲነኩት የሚጠዘጥዝ ሕመም ሲሰማችሁ ሩጫውን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሕመምን መቻል የሚያስመሰግንበት ጊዜ አለ። የተጎዳን እግር ማስገደድ ግን ነገ የሚሮጠውን ዛሬ ማሰናከል ነው። በጊዜው ያረፈ ሯጭ ፈሪ አይደለም፤ የእግሩን ዋጋ ያወቀ ሰው ነው።