የአዮዲኑን ነገር አደራ

እኩዮቼ፣ ከላምና ከጥጃ ጋር ያረጃችሁ ሁሉ፣ ጥጃ በሞተ ቁጥር «የእግዜር ሥራ ነው» ብላችሁ ማለፋችሁ ከብዶኛል። ደክሞ የሚወለድ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ ጉሮሮው ሥር ያበጠ ጥጃ ካያችሁ እናቲቱ አዮዲን አጥሯት ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ደህና ትመስላለች፤ የሚያዘናጋንም ይኸው ነው።

አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ላም ስትወልድ ግቷ ያንኑ አዮዲን ከደሟ እየሳበ ወደ ወተቱ ያስገባዋል፤ ዕጢና ግት ከአንድ ማዕድ ይሻማሉ። ወተቷ በሚበዛባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በደሟ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል። ሌላው አካል ሲቆጥብ ግቱ ግን ሆርሞኑን ወደ ብርቱው ዓይነት መለወጡን አያቋርጥም። ይህ በሽታ አይደለም፣ ወተት እንዲወርድ የተሠራ ሥርዓት ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህን ሥርዓት አልፈው ወተት ለመጨመር ከአዮዲን ጋር የተዋሐደ ፕሮቲን ለላሞች ያበሉ ነበር። ወተቱ ለጥቂት ወራት ጨመረ፤ ላሞቹ ከሱ፤ መስጠቱ ሲቋረጥ ወተቱ አሽቆለቆለ። ወተት የሚጨምር ሆርሞን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ በራችሁን አትክፈቱለት።

የእኛ ጣጣ ደግሞ በሌላ በኩል ነው። የደጋው አፈር አዮዲን ያንሰዋል፤ እንቅርት ያበቀሉት እናቶቻችን ምስክር ናቸው። በዚህ ላይ የጎመን ዘር ፋጉሎ እንደ ልብ እናበላለን። ፋጉሎው ያጠነክራል፣ አልክድም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በላሟ ሆድ ሲብላላ ዕጢውም ግቱም አዮዲን እንዳይስቡ ያግዳል። እናቲቱ ትጎዳለች፣ ወተቱም አዮዲን ያጣል፤ ከዚያ ወተት የሚጠጣው ጥጃ ብቻ አይደለም፣ የልጅ ልጆቻችንም ናቸው። «ጨው እኮ እንሰጣለን» ትሉኛላችሁ። አሞሌው አዮዲን አልተጨመረበትም።

ስለዚህ የጎመን ዘር ፋጉሎን ብቻውን አትስጡ፤ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅሉት፣ ለእርጉዝና ለምታጠባ ላም ደግሞ ቀንሱት። አዮዲን ያለው ጨው ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃችሁ አስልሱ። ለአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ግማሽ ሚሊግራም ያህል አዮዲን ይበቃል፤ የጎመን ዘር ካለበት እጥፍ ያስፈልጋል። ከመጠን ያለፈ ግን ላሟንም ይጎዳል፣ ወተቱ ውስጥም ይገባል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ። ላማችሁ አርግዛ ከሆነ እስክትወልድ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ጀምሩ።