ደረቱ የእሷ፣ ፊርማው የወንድሟ

ይድረስ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለምትሠሩ ሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለሆስፒታል ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ድካማችሁን ሳልቆጥር ቀርቼ አይደለም። እኛ በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩና በወልድያ ያለን ሰዎች ሆስፒታል በጦርነት ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር አይተናል፤ በጎደለ ዕቃ ሰው ማዳን ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቅሬታዬ ከዕቃና ከበጀት ጋር አይገናኝም። የሴት ጡት ሲወገድ ውሳኔው የሚያልቀው እሷ በሌለችበት መሆኑን ነው የምቃወመው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲመጣ የታማሚዋ አስታማሚ ለብቻው ወደ ጎን ይጠራል። «እንዳትደነግጥ ለእሷ አትንገሯት» ይባላል። ባል ወይም ወንድም ይፈርማል። ለሷ «እባጩ ይወጣልሻል» ይነገራታል። አክስቴ ጡቷ ሙሉ በሙሉ መወገዱን ያወቀችው ፋሻው ሲፈታ ነው። በሕይወት በመቆየቷ ፈጣሪን ታመሰግናለች፤ «እኔን ግን የጠየቀኝ የለም» ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው የሕክምናም ሆነ የቀዶ ሕክምና ምርመራና ሕክምና አልቀበልም ለማለት መብት ሰጥቶታል። ምን ሊደረግባት እንደሆነ ያልተነገራት ሴት በዚህ መብት እንዴት ትጠቀማለች?

«አማራጭ በሌለበት ምኑን እንጠይቃት?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አማራጭ ግን አለ።

አንደኛው፣ ጡቱ በሙሉ ይወገድ ወይስ እባጩ ብቻ የሚለው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ በጊዜ ለተደረሰበት ካንሰር እባጩን አውጥቶ ጨረር መስጠት በሕይወት በመቆየት ረገድ ጡቱን በሙሉ ከማስወገድ እንደማያንስ አሳይተዋል። ሆኖም ጨረር በአገራችን ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከእኛ ከሲሪንቃ አዲስ አበባ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጨረር ሳምንታት መመላለስ ወይም ማደሪያ ፈልጎ መቆየት የማትችል ሴት «ይወገድልኝ» ልትል ትችላለች። ይህን ሒሳብ ማስላት ያለባት ግን ራሷ ናት።

ሁለተኛው፣ ጡት መልሶ መሥራት ነው። በሲሊኮን ይሠራል፤ ከራስ ገላ በተወሰደ ሥጋም ይሠራል። ሲሊኮን ዕድሜ ልክ አይቆይም፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስከትል ይችላል። ጨረር በወሰደ ደረት ላይ ደግሞ የመጠጠርና የመቁሰል ችግሩ ይበዛል። ሥጋው ከጀርባ ሲወሰድ የሚነካው ጡንቻ ክንድ ስንስብና ስንጎትት የሚያግዘን ነው። ጀሪካን አዝላ ዳገት ለምትወጣ፣ ማሽላ ለምታጭድ የሐብሩ ሴት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሁለቱም መንገድ የቀድሞው ስሜት እንደነበረው አይመለስም። ይህ ሁሉ ተነግሯት «እፈልጋለሁ» ካለችም መብቷ ነው። የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ነገር ግን ጡት ከወራትና ከዓመታት በኋላም ሊሠራ ስለሚችል «እዚህ አይሠራም» የሚለው ቃል «መቼም አይሆንም» ተብሎ ሊነገራት አይገባም።

ሦስተኛው፣ ደረቱ ለጥ ብሎ እንዲቀር መፈለግ ነው። ይህንን እንደ ሥራ የማትቆጥሩት ይመስለኛል። ለጥ ያለ ደረት ግን የራሱ ጥበብ አለው፦ ትርፉ ቆዳና ስብ ተወግዶ ስፌቱ ከደረቱ ጋር እንዲተኛ ማድረግ። የእኛ ሴት ውኃና እንጨት ስታዝል ገመዱ የሚያርፈው ደረቷ ላይ ነው። በብብቷ በኩል ተንጠልጥሎ የቀረ ቆዳ በየቀኑ በገመድ ይፈተጋል። ከመቅደዳችሁ በፊት «ምን ትሠሪያለሽ? ሸክምሽን የምታስሪው የት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ውጭ አገር ያለው ችግር በተቃራኒው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ፣ ጡት ለማስወገድ የሚከፍል የጤና መድን መልሶ ለመሥራትም እንዲከፍል ተገደደ። ለብዙዎች በረከት ሆነ፤ ከዚያ ግን አንዳንዱ ሐኪም ጡት የማትፈልግ ሴት ትኖራለች ብሎ ማመን አቃተው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ደረታቸው ለጥ እንዲል ከመረጡ 931 ሴቶች 74 ከመቶ ያህሉ በውጤቱ ረክተዋል፤ ከአምስት አንዷ በላይ ግን ምርጫዋ በሐኪሟ ዘንድ ድጋፍ አላገኘም። እዚያ በግፊት፣ እዚህ በዝምታ፤ በሁለቱም ዘንድ ባለደረቷ አልተደመጠችም።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ገና ልጅ የሚያሳድጉ፣ ጉልበታቸው ለቤታቸው የሚያስፈልግ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ውጤቱን መጀመሪያ ለራሷ ንገሯት፤ አስታማሚዋን አስገቡ ካለች አስገቡላት። የስምምነቱን ወረቀት በምትሰማው ቋንቋ አንብቡላት፣ ማንበብና መጻፍ ባትችልም የራሷ አሻራ ይረፍበት። ደረቷ ከኦፕራሲዮን በኋላ ምን እንደሚመስል በሥዕል አሳዩአት። የብብት ንፍፊት ከወጣ ክንዷ ሊያብጥ እንደሚችል፣ በምጣድ ከመቃጠልና በእሾህ ከመወጋት እንድትጠነቀቅ፣ ክንዷን እንዴት እንደምታፍታታ ሳትነግሯት አትሸኟት። በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረግ የጨርቅ ሙሌት ከፈለገች አሠራሩን የምታሳያት ነርስ ትኑር፤ ካልፈለገችም ማንም «ሸፍኚው» አይበላት።

ይህ ማሽን አያስገዛም፤ በጀትም አያስጠብቅም። በመጪው የኦፕራሲዮን ቀን፣ ተራዋ ከደረሰው የመጀመሪያ ሴት ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ታማሚ የእህት ልጅ
ሲሪንቃ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ሰሜን ወሎ